ወተቴ የነጠፈበት የምርጫ ሰሞን

ሰሞኑን ሮቤ የልጅ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። መምህርት ናት። የምርጫ ወሬ ስለበዛ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም፤ ገንፎው ቀርቦላት ቅቤው እስኪረጋ ታነባለች። «ብዪ እንጂ» ስላት፣ «ይችን ልጨርስና፣ እማዬ» ትለኛለች። ሦስት ቀን ዝም ብዬ አየኋት። በአራተኛው ቀን፣ ለብዙ ሰው ያላወራሁትን ነገር ነገርኳት።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ጎባ እንኖር ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አግብቼ፣ የሦስት ወር ወንድ ልጅ ነበረኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር የመራጮችን መዝገብ እንድጽፍ ተቀጠርኩ። ያኔ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ነበረው፤ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ምልክቱን አይቶ ይመርጣል። ባለቤቴ ለበሬው፣ ታላቅ ወንድሜ ለቁልፉ ይቀሰቅሱ ነበር። ሁለቱም ምሳ የሚበሉት እኔ ቤት ነው።

«ቁልፍ ያርሳል እንዴ?» ይላል ባለቤቴ እጁን እየታጠበ።

«የአንተ በሬስ በር ይከፍታል?» ይመልሳል ወንድሜ።

በሣቅ ይጀምሩና በጩኸት ይጨርሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። ከየትኛው ሰፈር ማን ተመዘገበ? ለዚያኛውስ ነግረሽው ይሆን? በመዝገቡ ያየሁትን እንዳልናገር ስቀጠር ቃል አስገብተውኝ ነበር። ሁለቱንም ዝም ብዬ አበላለሁ፤ የእኔ እንጀራ ግን ሳይነካ ይነሳ ጀመር። እንቅልፌም ሄደ። አንድ ጠዋት ልጁ ጡቴን ይዞ ሳበ፣ ሳበ፣ ከዚያ አለቀሰ። ምንም አልነበረም።

የላም ወተት በውሃ አቅጥነን ብንሰጠው ያስመልሰዋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ልጁን አገላብጦ አየና፣ «ወተትሽ ካልተመለሰ ክረምቱ ይከብደዋል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ወተት የምንገዛው ከጎረቤታችን ከአዴ ከዲጃ ነበር። አንድ ቀን ወተቱን ይዘው ሲመጡ የሁለቱን ጭቅጭቅ ከደጅ ቆመው ሰሙ። ጓዳ ገቡና፣ ሳልፈቅድላቸው ጡቴን ዳሰሱ።

«ውሻ የሚጮህበት በረት ውስጥ ላም ወተቷን ትይዛለች» አሉኝ። «አንቺን ምን ልዩ ያደርግሻል? ነገ ከብቶቹን ሆራ እወስዳለሁ። ልጁን አዝለሽ ትመጫለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«መዝገቡስ፣ አዴ?»

«መዝገቡ ያጠባል?»

ሆራ ጨውነት ያለው ምንጭ ነው፤ ከብት ይወድደዋል፣ ሰውም ይበረታበታል። ጎህ ሲቀድ ተነስተን በገብሱ ማሳ፣ ከዚያም በአስታው ቁጥቋጦ መካከል ወጣን። ጉሙ ከፊቴ ያለችውን ላም እንኳ ጅራቷን ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። አዴ ከዲጃ በየመሐሉ ቆመው በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጩኮ፣ ያጎርሱኛል። ስለ ምርጫው ልናገር ስል አፌን በሌላ ጉርሻ ይዘጉታል።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ከየአቅጣጫው የመጣ ብዙ ከብት ተሰብስቧል። እዚያ ደንብ አለ። ከብት ሲጠጣ ሰው ድምፁን አያነሳም፤ ከብቱ ከደነበረ ሳይጠጣ ይመለሳል። ከሰዎቹ መካከል ሁለቱን አወቅኳቸው። ባለፈው ቀን መዝገቤ ፊት ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ፖሊስ የገላገላቸው የበሬውና የቁልፉ ደጋፊዎች ናቸው። አሁን ትከሻ ለትከሻ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ የሌላውን ጥጃ ከጭቃው ጎትቶ አወጣለት፤ ቃል አልተለዋወጡም።

የሚሰማው የከብቱ አጠጣጥ ብቻ ነበር። ያን ያህል ፍጥረት ተሰብስቦ ያን ያህል ዝም ሲል ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ከዚያ ጉሙ ተነሳ። ከበላያችን ተራራው ሙሉውን ተገለጠ፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በየቦታው የቆመበት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በሥሩ ስኖር ቀና ብዬ አላየሁትም። መተንፈስ የረሳሁ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ነገር ደረቴ ላይ ተሰማኝና ዝቅ ብዬ ሳይ ቀሚሴ ርሷል።

አዴ ከዲጃ አዩኝና ጋቢያቸውን አንጥፈው አስቀመጡኝ። ልጁ ጠባ። ጠብቶ ጠብቶ፣ ጡቱ ከአፉ ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደው።

ቤት ስመለስ ባለቤቴና ወንድሜ ለምሳ ተቀምጠው ነበር። ጮክ ብዬ የምናገር ሴት አልነበርኩም፤ ያን ቀንም አልጮህኩም። «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ምርጫ የሚያወራ ደጅ ወጥቶ ያወራል» አልኳቸው።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አለ ወንድሜ።

«ይመታሃል።»

እውነትም መታቸው። ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆመው ሲከራከሩ ሰንብተው፣ ከሳምንት በኋላ መውጣቱ ሰለቻቸው። እኔም መዝገቡን እስከ መጨረሻው ቀን ጻፍኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

የልጅ ልጄ እስከዚህ ሰምታ፣ «ያ ሕፃን አባቴ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች።

እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ እችላለሁ ስል ሰውነቴ አላመነኝም ነበር። ዝምታውን ሲያገኝ ደግሞ እኔን አልጠየቀም፤ በራሱ ጊዜ ሰጠ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። ያን ቀን ከተራራው ሥር ቆሜም አላወቅኩም፤ ዝም ማለት እንዳለብኝ ብቻ ገባኝ።