ከእነሱስ መቼ ተጣላህ?

ሁለት እናት ነበረኝ። አንዷ ወለደችኝ፤ ሌላዋ አፌ በጥርስ ከሞላ በኋላ አጠባችኝ። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ጡጦ ጠብተው ያደጉ ልጆች ምን ያውቃሉ።

እሁድ እሁድ እዚህ ሮቤ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ራዲዮ ከበው ይከራከራሉ። መሪ የሆነ ሰው ከተቀናቃኙ ጋር ይስማማ ወይስ ፊት ለፊት ይግጠመው? አንዱ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ሲል ሌላው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። እኔ እነዚህን ሁለት ተረቶች በልጅነቴ፣ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች አፍ ሰምቻቸዋለሁ። ስለዚህ አልገባበትም። ጥቂት እንዳዳመጥኩ ግን በወይራ የታጠነ የወተት ቅል ይሸተኛል፣ ዓይኔም ይሞላል። «እማማ፣ ጭስ ገባብሽ?» ይሉኛል። ቤቱ ውስጥ ጭስ የለም።

ያኔ ሮቤ የገብስ ሜዳ ነበረች። ጎባም ከተማ አትባልም፤ የጦር ሰፈር ነበረች። ከሰሜን የዘመቱት ሰዎች አገሩን በጠመንጃ ይዘው እዚያ ሰፍረዋል። አባቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ባላምባራስ ተባለና ጥቂት ወታደሮች፣ ከሰፈሩ በላይም አንድ ሸንተረር ተሰጠው። የተሰጠው የሌላ ሰው አገር ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ አይታየኝም፤ መሬት ከገዥ እንደሚሰጥ እንጂ ከሰው እንደሚወሰድ አላውቅም ነበር።

ከሸንተረሩ ሥር ሆራ አለ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ከብት የሚወደው ምንጭ። ከብት ሆራ ካልጠጣ ይከሳል፣ ወተቱም ይነጥፋል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። በጋ በመጣ ቁጥር መንጋቸውን እየነዱ ወደዚያ ይወርዱ ነበር። አባቴ ሲሾም ሆራውም የእሱ ሆነ ተባለ። የአገሬው ሽማግሌ፣ ዝምታቸው ከንግግራቸው የሚበዛ ረጅም ሰው፣ ይህ ሲነገራቸው «ውሃው ሰምቷል ወይ?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ሊዋጉ የደረሱት እነዚህ ሁለት ሰዎች ለመታረቅ ያገኙት መላ እኔ ነበርኩ። በአገሩ ልማድ በጡት ልጅ የተዛመዱ ቤቶች ጦር አይማዘዙም። አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም፤ ሽማግሌው ደግሞ ሴት ልጅ አልነበራቸውም። ሚስታቸው ጡቷን ማር ቀባች፣ እኔም ሕዝብ እያየኝ ጠባሁ። ትዝ የሚለኝ ማሩ ነው። ከዚያ አናቴን ቅቤ ቀብታ «ኢንተላ ቲያ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። የወለደችኝ እናቴ ቤት ቀርታ ስታለቅስ ዋለች፤ አባቴንም «በውሃ ለወጥካት» አለችው። ውሃው እንዲህ ተከፈለ፦ ጠዋት የሽማግሌው ወገኖች መንጋ ይጠጣል፣ ከሰዓት በኋላ የአባቴና የወታደሮቹ ከብት።

ከዚያ ወዲያ በጋ በጋውን የጡት እናቴ ቤት እሰነብት ነበር። ያንን ቤት እንዴት ልንገራችሁ? ጉም ከሳነቴ ተራራ ሲወርድ በሩን ይሞላው ነበር፤ እሷ ወደ እሳቱ ትስበኝና ጭኮ በእጇ ታጎርሰኛለች፣ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ። ሥጋ አንድ ላይ አንበላም፤ እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። በግ በታረደ ቀን ግን ሳላያት ወጥታ ከወተቱ ሁሉ የወፈረውን ይዛልኝ ትመጣለች፤ የሆዴን ቅያሜ ታውቅ ነበር። አፌ በእነሱ ቋንቋ ተፈታ። አባቴና ሽማግሌው ሲገናኙ መሃል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፌን ጠብቀው ሲቀመጡ የሚሰማኝን ኩራት አትጠይቁኝ።

በግድግዳው ላይ ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቀን ጥጃ ልመልስበት ሳወርደው ከእጄ ወሰደችው። ሲንቄ ነው አለችኝ፤ ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። ሰዎች ሊዋጉ ሲሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ከቆሙ ወንድ አልፎ አይሄድም። «ቢያልፍስ?» አልኳት። ጥያቄው ራሱ ነውር መሆኑን ከፊቷ አየሁ። ጎባ ስመለስ ለአባቴ ነገርኩት፤ ሳይስቅ ሰማኝ።

በሰፈሩ ውስጥ የሳቀው ሌላ ሰው ነበር። የአባቴ ባልንጀራም ባላንጣም የሆነ ቀኛዝማች፤ አብረው ዘምተዋል፣ አብረው ተርበዋል፣ አሁን ግን አንድ ገዥ ፊት ይሻማሉ። ደጃፋችን በመጣ ቁጥር «ልጅቱን ነው ያጠቧት ወይስ አንተን?» ይለው ነበር። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ዛሬ ውሃ ካካፈልክ ነገ መሬቱን ይጠይቁሃል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው።» አባቴ ጠጁን እየጠጣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፣ ከዚያ ወሬ ይለውጣል። ሁልጊዜ ወሬ ይለውጥ ነበር።

አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። ሳሩ ነጣ፣ ሆራው ቀጠነ። ቀኛዝማቹ ገዥው ዘንድ ገብቶ ውሃው ለሁለት አይበቃም፣ በእሾህ ታጥሮ ዘብ ይቁምበት አለ፤ ገዥውም አዘዘ። መሬቱ የአባቴ ስለሆነ ጦሩን የሚመራው አባቴ እንዲሆን ተወሰነ። እምቢ አላለም።

እኔ የጡት እናቴ ቤት ነበርኩ። ጥጆቹን ስንፈታ ወታደሮች በሸንተረሩ ሲወርዱ አየን። ከፊት አባቴ በበቅሎ፣ ከጎኑ ቀኛዝማቹ በፈረስ። አባቴ ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ። ከኋላዬ የሽማግሌው ወገኖች ጦራቸውን ይዘው ሲወጡ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ሰዓት የማስበው ውሃውን አልነበረም፤ ከዛሬ በኋላ አንዱን ቤት አጣለሁ፣ የትኛውን ይሆን እያልኩ ነበር።

የጡት እናቴ ሲንቄዋን አወረደች። እልል አለች፤ የሠርግ እልልታ አይደለም። ከየጎጆው ሴቶች ዘንጋቸውን ይዘው ወጡና መንገዱን ዘግተው ቆሙ። እኔም ልብሷን ይዤ ከመሃል ቆምኩ። የአገሬው ጎረምሶች ወዲያው ጦራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከላይ ከሚመጡት መካከል ግን ሕጉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቴ ልጓሙን ሳበ።

«ምነው ቆምክ?» አለው ቀኛዝማቹ።

«ሴቶቹ ቆመዋል።»

«የመንግሥት ጦር በሴት በትር ሊመለስ?»

አባቴ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ እኛ ድረስ መጣ። ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ዞሮ ወታደሮቹን «ተመለሱ» አላቸው። የእሱ ሰዎች ተመለሱ፤ የቀኛዝማቹም ሰዎች ብቻቸውን መግጠም አልወደዱምና ተከተሏቸው። ያን ቀን ጥይት አልተተኮሰም። አባቴን የዚያን ዕለት ያህል ወድጄው አላውቅም።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለልጅ ልጆቼ መልስ አላጣም ነበር። ግን አባቴ ገዥው ፊት ተጠራ። ቀኛዝማቹ ቆሞ ከሰሰው፤ ፈሪ፣ ልጁን ለባላገር የሰጠ፣ ትእዛዝ የጣለ አለው። ገዥው «ምን ትላለህ?» ሲለው አባቴ ዝም አለ። ስለ ውሉ አልተናገረም፣ ስለ ሲንቄው አልተናገረም። በኋላ እናቴ ስትጠይቀው «ዝም አይነቅዝም» አላት። ተሻረ። ሸንተረሩ ለቀኛዝማቹ ተሰጠ፣ ሆራውም ታጠረ። ለእኛ ጎሮ አካባቢ ቁራሽ መሬት ተሰጠን።

አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀበሉት፤ ወተት ቀረበለትና ጠጣ። እኔ እንደ ልማዴ መሃል ቆምኩ።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «የምችለውን አድርጌያለሁ። የተማማልነውን አላፈረስኩም።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው በቀስታ ተናገሩ፤ እኔም ቃል ሳልጥል ለአባቴ መለስኩት። «ውሃችንን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ስትሰጠን ተቀበልን። ከበቅሎህ ስትወርድም አይተናል፤ አንረሳውም። ከእኛ ጋር ታርቀሃል። ከእነሱስ መቼ ተጣላህ?»

አባቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ቅሉን አስቀምጦ ተነሣ።

የጡት እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም፤ እኔ ለሁለታችን አለቀስኩ። «ስታገቢ ሲንቄሽን የምቆርጥልሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው እንዳይቆርጥልሽ።»

ጎሮ ከጎባ ብዙ አይርቅም። ለእኔ ግን ባሕር ማዶ ነበር። ወተት አስጠላኝ፤ ቅሉ እንደ እሷ አይታጠንም። በገበያ ቀን ከብት ነጂዎችን በቋንቋቸው እየጠራሁ ስለ እሷ እጠይቅ ነበር። መጀመሪያ «ደህና ናት» ይሉኝ ነበር። ኋላ ሆራው ስለተዘጋባቸው ከብቶቻቸውን ይዘው ሳነቴን ተሻግረው፣ ሪራ ጫካ ውስጥ ገቡ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሚያውቃት አላገኘሁም። ናፍቆት ሰው ያቀልላል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አላቀለለኝም፣ ደረቴ ላይ ተቀመጠ እንጂ። ሳገባ እናቴ የብር መስቀል አሰረችልኝ። በእጄ ግን የምይዘው አልነበረኝም። ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነውና ምክንያቱን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ዓመታት አለፉ። ባሌ ነጋዴ ነበርና ጎባ ተመለስን፤ እናቴ ስትሞት አባቴን ወደ ቤቴ አመጣሁት። ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ቀኛዝማቹ በልቶ ስለነበር ሳይቆጨው ሞቷል። አባቴ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይቆጨው ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቀውም።

አንድ ቀን ማር ሻጭ ሴት ደጃችን ቆመች። በቋንቋዋ ስመልስላት ትኩር ብላ አየችኝ። «ከየት ነሽ?» ስላት ከሪራ አለች። ከዚያ «የዚያ ባላምባራስ ልጅ፣ ጡት የጠባሽው አንቺ ነሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ማለቴን አላስታውስም። ከማሩ ቅል ጋር የታሰረ ቀጭን ዘንግ ፈትታ ሰጠችኝ። በቅቤ የለሰለሰ፣ ጭስ ያጠቆረው።

ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል አለችኝ። የጡት እናቴ ማግባቴን ሰምታ ሲንቄውን ቆርጣ ነበር፤ ጎሮ ድረስ የሚያደርስላት አጣች። ስትሞት ወደ ጎባ ገበያ የምትሄድ ሴት ሁሉ ስለ እኔ እንድትጠይቅ አደራ አለች። ማር ሻጯ እሷን አላየቻትም፤ ዘንጉን ከአማቷ ነው የተረከበችው። ሳነቴን ስንት ጊዜ ይዛው እንደተሻገረች እግዜር ይወቅ።

ዘንጉን ይዤ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ምንድነው?» አለኝ። እጁ ላይ አኖርኩለት። ከላይ እስከ ታች በጣቶቹ ዳሰሰው፤ አወቀው።

«ያን ዕለት ሽማግሌው ምን ነበር ያሉኝ? ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት፤ መጀመሪያ እሳቸው በተናገሩበት ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእኛ። እሱም ፊቱን ማር ሻጯ ወዳለችበት አዞረ።

«ንገሪያቸው» አለ፣ ልክ እንደ ጥንቱ። «አልተጣላሁም። ከእናንተ ጋር መታረቁ ቀላሉ ነበር። ከራሴ ሰዎች ጋር መጣላትን ፈራሁ።»

ልንገር? ለማን? ሁለቱም የሉም። ግን ልማዴ ነውና ተነሥቼ በአባቴና በእንግዳይቱ መሃል ቆምኩ፣ ቃሉንም ሳልጥል ተናገርኩ። ሴትዮዋ የውሉን ነገር አታውቅም፤ ሆራውንም አላየችውም። የማሯን ቅል መሬት ላይ አኖረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እስክጨርስም ቆማ አዳመጠችኝ።

«ሰምተናል በይው» አለችኝ።