ከሰባኪው በስተግራ የሚቆሙት ሰው

አቶ ኤርካሎ የሚቆሙት ከሰባኪው በስተግራ፣ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ብለው ነው። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ሐሳብ ይልና ያቆማል፤ እሳቸው ያንኑ በወላይትኛ ይሉና ያቆማሉ። እሑድ ጠዋት በሶዶ ቃል የሚራመደው እንዲህ በሁለት እግሩ ነው። ከተሜው የመጀመሪያውን ይሰማል። ከጉኑኖ በሚኒባስ ተጫጭነው መጥተው የፊቱን አግዳሚ የሚይዙት ገበሬዎችና ባልቴቶች ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። ወጣቱ ግን ሁለቱንም ይሰማል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ሳሉ የማያውቁት የአማርኛ ቃል ሲገጥማቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር፤ ትርጉሙን ሳያገኙ አይተኙም። ያ ሁሉ ትጋት ከልጅ ልጃቸው ከህብረት ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር መኖር ሲጀምሩ ከንቱ ሆነ። ህብረት ስልክ ስታወራ ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ አብረው ሲመጡ ግን የባዕድ አገር ሰዎች ይሆኑባቸዋል።

«ምን ማለት ነው እሱ?» ይላሉ።

«ምንም አይደል አባባ፣ ዝም ብሎ ነው።»

አንዴ ለምነው ያስተማረቻቸውን ቃል አጥንተው ከወር በኋላ ቢጠቀሙበት፣ «እሱ እኮ አሁን አይባልም» ብላ ሳቀች። ቃል ሲያረጅ አይተዋል፤ በወሩ የሚያረጅ ግን ከየት መጣ? ሰው ሊግባባበት ያበጀውን ነገር ሌላው እንዳይገባው ብሎ ይለውጠዋል? ወይስ ቋንቋ ድሮም እንዲህ ነበር፣ እሳቸው ወጣት ስለነበሩ ነው ያልታወቃቸው?

ወጣቶቹ ፕሮግራሙን ከሚመሩበት እሑድ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ታምራት መጡ።

«መምህር፣ ልጆቹ ትርጉሙ በስክሪን ይውጣ እያሉ ነው።»

«የፊቱ አግዳሚ መቼ ያነባል?»

«ብያቸዋለሁ። ብቻ፣ የዛሬ ሳምንቱን እንይና እንወስን ተባብለናል።»

የሚታየው ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ቦታ ቢወርዱ የት ሊቆሙ ነው? ጡረታ ያልወሰደባቸው አንድ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ ምስክርነት እንዲሰጥ የተጋበዘው ፀጋአብ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ወላይትኛው ከሰላምታ አያልፍም። ማይኩን ያዘና ጀመረ።

«ጊቢ እያለን አንድ ጀለስ ነበረኝ።»

ጀለስን ከህብረት ተምረዋታል፤ ጓደኛ ነው። ደስ እያላቸው ተረጎሙ።

«በሆነ ሰዓት ግን ዘጋኝ። ቴክስት አደርጋለሁ፣ ወፍ የለም። ሲን ያደርግና ላሽ።»

ፀጋአብ ወደ ግራ ዞረ። የፊቱ አግዳሚ ቀና አለ። ከጉኑኖ የመጡት ታላቅ እህታቸው ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። አቶ ኤርካሎ ወፏን ፈለጓት፤ የተዘጋውን በር ፈለጉት። «አልገባኝም» ማለት ይቻል ነበር። ግን በዚያ ቦታ ቆሞ «አልገባኝም» ያለ አስተርጓሚ አይተው አያውቁም፤ በዚያ ላይ የሚታዩበት ቀን ነው። ከድምፁ ጓደኛው እንደተለየው ገመቱ።

«ጓደኛዬ ታመመ» አሉ በወላይትኛ። «ብጣራ፣ ብጣራ፣ አልመለሰልኝም።»

ከፊት ለስላሳ የሐዘን ድምፅ ተሰማ። ከመካከል ወጣቶቹ ሳቁ። ፀጋአብ ሳቁ ለእሱ መስሎት ተበረታታ።

«በቃ፣ ሙዴ ሁሉ ወረደ። ምግብ ራሱ አስጠላኝ።»

ምግቡ ገባቸው፤ እንዳለ አስተላለፉት። ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ታሪኮች ተገናኙና እንደገና ተለያዩ። በአማርኛው ወጣቱ ስልኩን እያየ ሲብሰለሰል፣ በወላይትኛው ጓደኛው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ለቅሶው ተነሥቶ ነበር። ባልቴቶቹ ዓይናቸውን በሻሻቸው ያብሳሉ።

«አሁን ግን ታርቀናል» አለ ፀጋአብ። «ሊጠይቀኝ መጥቷል፤ ይልቃል፣ እስቲ ተነስ።»

ከኋላው አግዳሚ አንድ ረጅም ልጅ ተነሥቶ እጁን አወዛወዘ።

አቶ ኤርካሎ የቀበሩትን ሰው አዩት።

«የሟቹ ወንድም ነው» አሉ።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ባልከፋ። ግን የጉኑኖ ሰው ሐዘን ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ መኪናው አይሄድም። ፕሮግራሙ እንዳለቀ የፊቱ አግዳሚ ተሰልፎ ይልቃልን ከበበው። እህታቸው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው በወላይትኛ እያጽናኑት አለቀሱ። ልጁም፣ የታቀፈበት ምክንያት ሳይገባው፣ አብሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ህብረት ሳቋን በመዳፏ አፍና መጣች። «አባባ፣ ገደሉት እኮ።»

ፀጋአብም ተከትሏት ደረሰ። «ጋሼ፣ ምን ብለዋቸው ነው?»

ነገሩት። ይቆጣል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ከአጠገባቸው ተቀመጠና ታሪኩን እሳቸው በሚያውቁት አማርኛ እንደገና ነገራቸው። ጓደኛው መልእክቱን እያነበበ መልስ ነፈገው፤ ይህ ነው በሩም ወፏም። ወራት ሙሉ ምግብ ያስጠላው ይኸው ነው።

አሁን እያንዳንዱ ቃል ገባቸው። ነገሩ ግን ያኔ ነው ፈጽሞ የጠፋባቸው።

«የት ነበር የሚኖረው?»

«እዛው፣ እኔ ዶርም። ከላዬ ያለው አልጋ ላይ።»

«ታዲያ ቀና ብለህ ለምን አልጠየቅኸውም?»

«እንደዛ አይደረግማ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ፀጋአብ ስልኩን በእጁ አገላበጠ። «አላውቅም» አለ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጡ። እሳቸው በወጣትነታቸው የተቀየመን ጓደኛ ለመጠየቅ ከሶዶ ቢጠና ድረስ፣ የሙሉ ቀን መንገድ፣ በእግር ሄደዋል። ከላይህ የሚተኛን ሰው አለመጠየቅ ምን ዓይነት ርቀት ነው? በየትኛው ቋንቋ ይባላል?

አቶ ታምራት ሁሉን ሰምተዋል። «ስክሪኑን ሊገዙ ነው» አሏቸው በስልክ።

«ይግዙ። ብቻ አንድ እሑድ ልቁምና የቀበርኩትን ሰው ላውጣ።»

ቆሙ። በወላይትኛ፣ ያለ ሰባኪ፣ ለፊቱ አግዳሚ ተናገሩ። የልጁ ጓደኛ አልሞተም አሉ፤ ባለፈው የተናገርኩት ከራሴ ነው። ጓደኛው ባንድ ክፍል እየኖረ፣ ጠዋትም ማታም «ሳሮ» ሳይለው ያልፍ ነበር። በወላይታ «ሳሮ»ን፣ ያቺን የሰላም ቃል፣ ተነፍጎ መታለፍ ምን እንደሆነ ለእነዚያ ሰዎች ማብራራት አላስፈለገም። እህታቸው ጮክ ብለው፣ «ታዲያ ያለቀስነው በከንቱ አይደለማ» አሉ።

አቶ ኤርካሎ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ፣ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከፊታቸው ሊያነቡ። ወጣቶቹ አልሳቁም። ህብረት አንገቷን ደፍታ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ስለ እሳቸው ይሁን ለሌላ ሰው፣ ለማሾፍ ይሁን ለሌላ፣ አላወቁም።

ስክሪኑ ተሰቀለ። አቶ ታምራት፣ የማያነቡት ስላሉ አቶ ኤርካሎም ይቀጥሉ አሉ። አሁን በቀድሞ ቦታቸው ይቆማሉ፤ ጽሑፉ ከጀርባቸው ያልፋል። አንዳንዴ ከመካከል ሳቅ ይነሣል። በእሳቸው ይሁን ከኋላቸው በተጻፈው አያውቁም፤ ዞረው ቢያዩ ደግሞ የሰባኪው ቀጣይ ቃል ያመልጣቸዋል።