ከሦስተኛው መሰናክል ፊት

አሸዋ ደልዳዩ ሽማግሌ ከከተማው ስታዲየም ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ኳስ ሜዳ ሳለ ሣሩን አጭደዋል፤ ከየአገሩ የሚመጡ ፈረሰኞች ይወዳደሩበታል ተብሎ ሜዳው አሸዋ ሲለብስ ደግሞ ባለ ብረት ጥርሱን መጥረጊያ ተረከቡ።

ከሳምንት ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ከሦስተኛው መሰናክል ፊት፣ ደልድለውት የሄዱት አሸዋ ጧት ጧት ሰርጉዶ ይቆያቸዋል። መጀመሪያ የስኒ አፍ ያህል ነበር፤ ኋላ የሣህን፤ ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አከለ። ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ። በአካፋ ሞልተው ላዩን ይደለድሉታል፤ አሸዋው ግን ቆይቶ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

ወዴት እንደሚወርድ ያውቃሉ። በጎልማሳነታቸው እዚያ የነበረውን የውኃ ጉድጓድ ድፈን ተብለው ታዘው፣ ወደ ቤት ለመግባት ቸኩለው፣ አፉ ላይ ሳንቃ ረብርበው አፈር አለበሱት። «ሞልቷል» ብለውም ፈረሙ። ኳስ ተጫዋች ቀላል ነው፤ ፈረስ ግን ፈረስ ነው። ጡረታ ሊወጡ ወር ሲቀራቸው ስማቸው እንዳይጠፋ ፈርተው፣ ሆድ ይፍጀው አሉ።

የሙከራው ግልቢያ ለዚችው ጧት ነበር። ጋላቢዋ እሳቸው ያሳደጓት የእኅታቸው ልጅ ናት።

ሁለቱን መሰናክል እንደ ወፍ አለፈች። ከሦስተኛው ፊት ፈረሱ ቀጥ አለ። አንገቱን ዘልሶ፣ ከታች የሚጠራው ያለ ይመስል፣ ጆሮዎቹን ወደ መሬት ቀሰረ።

«ምነው፣ እንደ ሙሽራ ትግደረደራለህ?» አለችው አንገቱን መታ መታ እያደረገች።

«አዙረሽ አምጪው፤ እንግዶቹ ከሰዓት ይመጣሉ» አለ ሜዳውን የሚያሠራው መሐንዲስ ከዳር ቆሞ። «ጋሼ፣ አሸዋው ደህና አይደል?»

«ደህና ነው» አሉ።

አዞረችው። ፈረሱ እዚያው ቆመ፤ የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። አለንጋዋን ስታነሣ ሽማግሌው ሳያስቡት ሮጠው ገብተው ልጓሙን ያዙ።

«ውረጂ።»

«ምነው ጋሼ፣ ፈረሱ አንሶ እርስዎም?»

«ውረጂ አልኩሽ። ከሥሩ ባዶ ነው። ድፈን የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ አልደፈንኩትም።»

መሐንዲሱ ሊስቅ ቃጥቶ ተወው። የብረት ዘንግ አምጥቶ ካሳዩት ቦታ ላይ ቢተክል፣ ዘንጉ ከእጁ አምልጦ ገባ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ የሚወድቅበትን ድምፅ ጠበቀ። የሰማ ሰው የለም። ፈረሱ ብቻ፣ ቆይቶ ቆይቶ፣ ጆሮውን አነሣ።

«ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ጋሼ?» አለ መሐንዲሱ በሹክሹክታ።

«ያኔም ልንለካው የጣልነው ገመድ ታች አልደረሰልንም።»

ልጅቱ ቀስ ብላ ወረደች። በአንድ እጇ ልጓሙን፣ በሌላው የአጎቷን ክንድ ይዛ፣ ሲመጡ በረገጡት ዱካ ላይ ብቻ እያስረገጠች መለሰቻቸው።