ዘጠኝ ዓይነት ክኒን እና የካምባ መንገድ

በእኛ ሰፈር የልጅ ደግነት የሚለካው በአባቱ መድኃኒት ብዛት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታችን አባቴን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ፣ ያመጣውን ሙዝ አስቀምጦ ገና ወንበር ሳይዝ፣ «አሁን ስንት ደረሰለት?» ይለኝ ነበር። እኔም ምን ተዳዬ፣ ጥቁሩን ፌስታል ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ዘጠኝ ዓይነት ክኒን ጠረጴዛው ላይ እደረድርላቸዋለሁ። «አቤት! ልጅ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ እኔ እመሰገናለሁ። ዛሬ ሳስበው ያንገሸግሸኛል፤ ያኔ ግን የሚያህለኝ አልነበረም።

አባቴ ከጋሞ ምድር፣ የካምባ ሰው ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። አርባ ምንጭ ወርዶ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ አንድም መስቀል ከእሷ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ጋሞ መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የትም ያለ ልጅ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያልገባ ወይ ሞቷል ወይ ወገኑን ንቋል። አክስቴ ቅርጫው ሲከፈል የወንድሟን ድርሻ ለብቻ ለይታ ታስቀምጥለታለች።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ክኒን ነው። ባጃጅ ከተማውን በወረረበት ሰሞን አባቴ «ግፊት አለብህ» ተባለና የግፊት መድኃኒት ተሰጠው። ጥሩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እግሩ አበጠ። ያቺው ክኒን እግር እንደምታሳብጥ የነገረን ማን አለ? ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። እዚያ ያለው ሐኪም እግሩን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየና ውሃ የሚያስወጣ የሽንት ክኒን ጻፈለት። እብጠቱ ትንሽ ጎደለ፤ ባቱን ግን ጭምድድ እያደረገ ያስጮኸው ጀመር። ሦስተኛው ሐኪም «ቁርጥማት ነው» ብሎ ማስታገሻ አዘዘ። ማስታገሻው ጨጓራውን አቃጠለው፤ አራተኛው የጨጓራ መድኃኒት ጻፈ። ያው ማስታገሻ ግፊቱን ሰቀለው፤ እሰይ፣ ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ተጨመረለት! ከዚያ ማዞር መጣ፣ ለማዞሩም ሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሞላ። የሰውዬው በሽታ አንድ ነበር፤ የቀረውን መድኃኒቱ ራሱ ወለደው።

ሐኪሞቹን ብቻ ብሰድብ ደስ ይለኝ ነበር። አብዛኞቹ ከወረቀታቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩንም፣ ስድቡ ይገባቸዋል። ግን አንዱ ጠይቆን ነበር። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ አባት?» አለው። አባቴ ደረቱን ነፍቶ፣ «ምንም የለም ዶክተር!» አለ። እኔ አጠገቡ ፌስታሉን በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። ስንወጣ ለምን እንደዋሸ ብጠይቀው ተቆጣ። «ሰው ቤት ተጋብዘሽ፣ ማዕድ ቀርቦልሽ፣ ‹ጎረቤት በልቼ መጣሁ› ትያለሽ? ሐኪሙ አይከፋውም?» አለኝ። ይሉኝታ! ሐኪም እንዳይቀየም ብለን አባቴን ዓመት ከዓመት በክኒን ቀለብነው። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ የማርም፣ «ልክ ነህ» ብዬው አረፍኩ።

አባቴ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር፤ ቀኑ ግን በወንበሩና በሽንት ቤቱ መካከል ያልቅ ጀመር። ከጫሞ የመጣ ትኩስ ዓሣ ጠብሼ ባቀርብለት «ብረት ብረት ይለኛል» ብሎ አንድ ጎርሶ ይገፋዋል። ቅዳሴ መቆም ተወ። ለቅሶ ቤት መሄድ ተወ፣ ምክንያቱም እዚያ ሆኖ በየሩብ ሰዓቱ መነሳት አለ። የክኒን ሰዓት ደርሶ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ግን እኔ ውሃና ክኒን ይዤ ከፊቱ ነኝ። «አፍህን ክፈት አባዬ!» የእስር ቤት ጠባቂ እንኳ እንደ እኔ ሰዓት አያከብርም።

መስቀል ደረሰና ለካምባ ተነሳን። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ኮረኮንች ነው። አባቴ ገና ዳገቱን ሳንጨርስ መኪናውን ሦስት ጊዜ ለሽንት አስቆመ። በሦስተኛው ተሳፋሪው ሳቀ፤ አንዱ ጎረምሳማ፣ «አባባ፣ ባልዲ ይዘው አይሳፈሩም?» አለው። አራተኛ ጊዜ ለማስቆም አፈረ። ሱሪው ረጠበ። ነጠላዬን ጭኑ ላይ አለበስኩትና ወርደን፣ በተገኘው መኪና ወደ ከተማ ተመለስን።

አክስቴ በማግስቱ ደወለች። «ወንድሜ ናቀኝ እንዴ? ምን በደልኩት?» ስትል ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል። አባቴ እውነቱን አልነገራትም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት። ወይ ጉድ፣ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? እሷም አላመነችም፤ ከዚያ በኋላ መደወሏን እየቀነሰች መጣች።

በዓመቱ መስቀል ሲቃረብ አባቴ ወጥ ቤት ድረስ መጣና በቀስታ ጠየቀኝ። «ልጄ፣ የሽንት ክኒኗ አንድ ቀን ብቻ ብትቀርብኝስ? እህቴን አይቼ ልመለስ።» እንደ ሕፃን ነው የለመነኝ። ሐኪም እንኳ ልጠይቅለት አላልኩም። «መሞት ፈለግክ?» ብዬ ጮህኩበት። «መጀመሪያ ቀጠሮህ ይድረስ፣ ከዚያ በኋላ እንሄዳለን!» ቀጠሮው ደረሰ፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን፣ መስቀልም አለፈ።

ከዚህ ሁሉ ያወጣችን አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ናት። አንደኛው ክኒን ከገበያ ጠፍቶ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ስዞር፣ «ሌላ ምን ይወስዳሉ? ሁሉንም አምጪልኝ» አለችኝ። ፌስታሉን ይዤላት ሄድኩ። ክኒኖቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ፣ «ይሄ ከመሰጠቱ በፊት ምን አመማቸው?» እያለች ጠየቀችኝ። እየመለስኩላት ሳለሁ ነገሩ ለራሴ ተገለጠልኝ። «በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ክኒኖቹን ሐኪም ጋ ይዘሽ ሂጂ፣ ደግሞ እንዳትደብቂ» አለችኝ። በዚያን ቀን አባቴን ቤት ትቼ ብቻዬን ሄድኩና ዘጠኙንም ያኔ የዋሸነው ሐኪም ፊት ዘረገፍኩ። አልተቀየመም! የመጀመሪያዋን ክኒን በሌላ ቀየራት፤ የተቀሩትንም እያየ በየወሩ ቀነሳቸው። የእግሩ እብጠት ሟሸሸ፣ ባቱ ዝም አለ፣ ዓሣም ጣፈጠው። በመጨረሻ ሁለት ክኒን ቀረ። ጠያቂዎቻችን ግን ቅር አላቸው። «ምነው፣ ማሳከሙን ተውሽ እንዴ?» አሉኝ።

አባቴ ለመጪው መስቀል ለእህቱ አዲስ ጋቢ ገዛ። መስቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከካምባ ተደወለ፤ አክስቴ አርፋለች።

በማለዳው ተሳፈርን። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዳገቱን ወጣን፣ ቁልቁለቱን ወረድን፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቦታ ሹፌሩ ራሱ ቆሞ «የሚወርድ አለ?» ሲል አባቴ የለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። የለቀስተኛው ድምፅ መሰማት ሲጀምር ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ፣ አንዴም አላስቆምኩም» አለኝ።