የካርቶኑ ኪቦርድ

የሳሙና ካርቶን ሽታ ዛሬም ድረስ ወዳደግኩበት ወረዳ ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ ስድስተኛ ክፍል ይመልሰኛል። ቴክኖሎጂ ያስተማሩን መምህር ይበልጣል ከጎጃም ተመድበው የመጡ ወጣት ነበሩ። በገበያ ቀን ሰው የተበላሸ ሬዲዮውን ይዞ ይመጣላቸዋል፤ ከተከራዩዋት ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ይፈታቱታል። ሬዲዮው እንደገና ሲናገር ከባለቤቱ ይልቅ የሚፈነድቁት እሳቸው ነበሩ።

ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ለተማሪዎች ምገባ ከመጣው እህል ጎን ተቆልፎባቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የመንግሥት ዕቃ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ ከተበላሸ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። ስለዚህ የሚሻለው ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው። መምህር ይበልጣል አንዱን እንኳ እንዲሰጧቸው ሲለምኑ ርዕሰ መምህሩ ‹‹ዕቃው በስሜ ነው፤ ልታስበላኝ ነው እንዴ?›› ይሏቸው ነበር።

መምህር ይበልጣልም የሳሙና ካርቶን ቆርጠው ለእያንዳንዳችን ኪቦርድ ሠሩልን። ፊደሎቹን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ጣቶቻችንን ቦታ ቦታቸውን አስያዙ። ቤታችን ከምንናገረው ኽምጣና ቃል ይጠይቁንና እሱኑ በካርቶኑ ላይ እንድንጽፍ ያደርጉን ነበር።

‹‹ምን ወጣ?›› አሏት አንድ ቀን ጓደኛዬን።

‹‹ኧረ ምንም አልወጣም ቲቸር፤ ካርቶን ነው እኮ!››

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ‹‹ወጥቷል ብለሽ ቀጥዪ›› አሉ እሳቸውም እየሳቁ። የሌላ ክፍል ልጆች ‹‹ካርቶን! ካርቶን!›› እያሉ ከኋላ ሲከተሏቸው እንኳ ቅር አይላቸውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከመካከላችን አንዳችን ስማችንን በእውነተኛው ኪቦርድ ስንጽፍ ማየት ነበር ምኞታቸው።

ከዞን እንግዶች የመጡ ዕለት ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። ኮምፒውተሮቹ ተወልውለው ተደረደሩ፤ ንጹሕ ልብስ የለበስን ተመርጠን፣ ‹‹እንዳትነኩ›› ተብለን ከፊታቸው ተቀመጥን። አንዱ እንግዳ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ‹‹እስኪ ስምሽን ጻፊልኝ›› አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ ደነገጡ። የመምህር ይበልጣል ፊት በራ። ሮጠው ገመዱን ሰኩ፤ ማብሪያውን ተጫኑ። ጣቶቼ ቦታቸውን ይዘው ጠበቁ።

መጀመሪያ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተን፤ ከዚያ ጭሱ መጣ። በኋላ ኮምፒውተሩ ሲፈታ፣ በእህሉ የተሳበች አይጥ ውስጡ ወልዳበት፣ ሽቦውን በልታው ተገኘ። ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ።

‹‹አትንካ ብዬው ነበር›› አሉ ርዕሰ መምህሩ ለእንግዶቹ። መምህር ይበልጣል ጎንበስ ብለው ገመዱን ነቀሉ። ዕቃ ያበላሹት እሳቸው ሆነው ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት መብራት ወደሌለበት፣ በእግር ብቻ ወደሚደረስበት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የተሰጣቸውም ስፖርት ማስተማር ነበር።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ፣ ያኔ እሳቸው ያስተማሩንን ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ። እኛ ስንመኘው በኖርነው ኮምፒውተር የእኔ ተማሪዎች፣ በየተራም ቢሆን፣ ይጽፉበታል። በቅርቡ መምህር ይበልጣልን መናኸሪያ አገኘኋቸውና ክፍሌን ላሳያቸው እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። ፀጉራቸው ያለ ጊዜው ሸብቷል። ደጃፉ ላይ ቆመው ልጆቹን አዩ።

‹‹ይግቡ እንጂ ቲቸር፤ ቁጭ ይበሉና ይሞክሩት›› አልኳቸው።

‹‹ተይኝ ልጄ፤ እኔ ከነካሁት አንቺ ትጠየቂያለሽ›› ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የበሩን ደፍ ሳይረግጡ ሄዱ።

‹‹ማናቸው?›› አለችኝ አንዲት ተማሪ።

‹‹የእኔ የኮምፒውተር መምህር ናቸው።››

‹‹ታዲያ ለምን አልገቡም?››

ሳልጠየቅ እንኳ ማስረዳት የምወድ ሰው ‹‹ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ ጽሑፍሽን ጨርሺ›› ብቻ አልኳት።