ዘሀራ ጆሮዬን የተዋሰችበት ሰኔ

የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተር ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው በመቀሌ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ይህን ባለፈው ቅዳሜ ሮማናት አጠገብ ባለች አንዲት ካፌ ውስጥ ለሁለት ወጣቶች ተናገርኩት። መብራት ድንገት ጠፍቶ የማኪያቶው ማሽን ትንፋሹ ተቆርጧል። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ላፕቶፓቸው ላይ አጎንብሰው "ዩኤስቢው ጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ግን ስታክ አላደረገም" ሲባባሉ ሰማኋቸው። እንዲህ ዓይነት ወሬ አጠገቤ ሲነሣ ዝም ብሎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። አንደኛው ልጅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "ኣያ፣ ስንት ሚሊዮን መስመር እንደሆነ ያውቃሉ?" አለኝ።

"ዐውቃለሁ" አልኩት። "እኔ ያነበብኩት ጥቂት መቶውን ነው።" የልጁ ዓይን አልለቅህ ሲለኝ ደግሞ፣ "እሱንም ሲነበብ ሰማሁት እንጂ አላነበብኩትም" ብዬ ጨረስኩ። ሁለቱም ሳቁ። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ፤ መብራት በሌለበት ከተማ ወሬ ዋጋው ከፍ ይላል።

ነገሩ የሆነው ፍላሽ ዲስክ ያለው ሰው እንደ ማዕተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሚሄድበት ዘመን ነው። ላፕቶፕ የወፍጮ ድንጋይ ያህል ይከብድ ነበር፤ ባትሪው የሚቆየውም ሰው አስነጥሶ "ይማርህ" እስኪባል ነው። እኔ የምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከምላሴ ሌላ የሚያስመካ ነገር አልነበረኝም፤ ምላሴ ግን በቂ ነበር። አንድ ቀን ከርነሉን አንብቤ ጨርሻለሁ ብዬ አወራሁ። ማን ያጣራል? እኔን ለማጣራት መጀመሪያ ራሱ ማንበብ አለበት።

በዚያ ዓመት መምህራችን አዲስ ሥርዓት አመጣ። ማንም ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከማቅረቡ በፊት የጻፈውን ኮድ ሌላ ተማሪ መርምሮ "አይቼዋለሁ" ብሎ ይፈርምለት ተባለ። እኛም ሥርዓቱን አክብረን በማግስቱ ካፍቴሪያ ውስጥ፣ የሽሮ ሰልፍ ላይ እንደቆምን፣ አንዱ የሌላው ጀርባ ላይ እያስደገፈ እርስ በርስ ተፈራርመን ጨረስን። እኔ ብቻዬን ሽሮው እስኪደርሰኝ የግማሹ ክፍል መርማሪ ሆኜ ነበር።

ዘሀራ ሰልፉ ላይ አልነበረችም። ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር መቀሌ ገብታ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ የደሴ፣ ቁጣዋ የመቀሌ። ሳህኔን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"አንተ ነህ ከርነል አነበብኩ እያልክ የምታወራው?"

"ከዳር እስከ ዳር።"

"ደግ። ነገ ከሰዓት በኋላ አባዬ ሱቅ ና።"

"ምን ያስለፋሻል? ወረቀቱን አምጪው፣ አሁኑኑ ልፈርምልሽ።"

"አንተዬ፣ ፊርማህን ምን ላደርገው?" አለች። "እኔ የምፈልገው ጆሮህን ነው።"

ጆሮዬን የፈለገችበትን ምክንያት ለመረዳት ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል። የክብሪት ቀፎ የምታክል አንዲት ሰሌዳ ነበረቻት። ኃይሏን ከግድግዳ ሶኬት ታገኛለች፤ በአንድ ጫፏ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ትሰካለች፤ ከሌላው ጫፏ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ የተበላሸ ማሽን ውስጥ ያለችውን ቺፕ ይነካሉ። ሐኪም ማዳመጫውን ደረት ላይ አድርጎ እንደሚሰማው፣ ሰሌዳዋም ቺፗ ምን እየሠራች እንደሆነ፣ የት ላይ እንደተሳሳተች ትጠይቃለች። ግን ኮምፒውተሩ ሰሌዳዋን አያውቃትም። በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ድራይቨር ይሉታል። ዘሀራ የጻፈችው ያንን ነበር፤ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ድራይቨር። እዚያ ውስጥ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞ ነው የሚወድቀው።

እሷ ደግሞ መውደቅ አልቻለችም። አባቷ፣ አቦይ ይማም፣ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ በቦንዳ፣ በትልልቅ እስር እያመጡ፣ ይሸጡ ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ወንድማቸው "ና፣ አብረን እንነግድ፤ ልጅህም ሱቅ ትይዛለች" እያለ ከጎተታቸው ቆይቷል። ለልጃቸው ያሏት ይህን ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህርት አድርጎ ካስቀረሽ እኔም እዚሁ እቀራለሁ፤ ካላስቀረሽ ግን ሐምሌ ሳይገባ ቦንዳዬን ጭኜ እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲው የሚያስቀረው በፕሮጀክቱ ብልጫ ያገኘውን አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። የእሷ ድራይቨር ደግሞ ካምፓስ ውስጥ እንደ ጠቦት ገራም ሆኖ ይውልና ሱቁ ውስጥ ሲሞከር አልፎ አልፎ ኮምፒውተሩን ድርቅ ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

በማግስቱ ሄድኩ። የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የሰኔ ደመና ተራራው ላይ ተኝቶ ሙቀቱን ወደ ታች ይጫነዋል። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት ቦንዳዎች የሰው አገር ሳሙና ይሸታሉ። አቦይ ይማም ኮት እየቦረሹ ነበር። እኔና ዘሀራ አንድ አንድ ቦንዳ ላይ፣ እሳቸው ሁለታችንንም በሚያዩበት ቦታ፣ ትይዩ ተቀመጥን። ኮዱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማዋለች። ወረቀቱን ልቀበል እጄን ብዘረጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

"አንተ አታየውም፤ ትሰማለህ። መድረሳ ቁርኣን ስንቀራ እንዲህ ነበር የምናደርገው። የሚያነበው ዓይኑ ያታልለዋል፣ ያልተጻፈውን አለ ብሎ ያልፋል። የሚሰማው ግን አያልፍም።"

እውነት አላት። እኔም ዳዊት ስማር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተኙ መስለው ነበር የሚያርሙኝ። አንዲት ፊደል ስዘል የሚነቁት ጉልበቴን በአለንጋ ለመሸንቆጥ ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ዘሀራ በመድረሳ ዜማዋ የኮምፒውተር ቋንቋ ታነብልኝ ጀመር። እመኑኝ፣ ከርነል እንደዚያ ተዚሞ አያውቅም።

መጀመሪያ ቀን ምልክቱን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ጠራችው፤ በየመስመሩ ጫፍ "ሴሚኮለን" ትላለች። አቦይ ይማም ብሩሹን አቆሙና፣ "ዘሀራዬ፣ ይሄ ሴሚኮለን የሚባለው ሰው ማነው? ያልገባበት ነገር የለም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሴሚኮለንን ተውነው። ሌላውንም ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ "ላክ፣ ጠብቅ፣ መልስ ከመጣ ተቀበል" እያለች ታወርደው ገባች።

ቀናቱ እንዲህ ሄዱ። ከካምፓስ ስመለስ መንገድ ላይ ሕምባሻ እገዛለሁ፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ አቦይ ይማም ይቦርሻሉ። ደንበኛ ሲገባ "ማንበቡን ቀጥይ፣ እኔ አለሁ" ይሏታል። አንድ ጊዜ ጃኬት ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ጸሎት መስሏት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች።

በኮዱ ውስጥ በጣም የሚደጋገም አንድ ነገር ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች ሰሌዳዋን በአንድ ጊዜ እንዳያናግሯት ተራ አለ፤ ተራ የደረሰው ቁልፍ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ ሌላው ያን ጊዜ ይገባል። "ያዝ" እና "ልቀቅ" ሲበዛብኝ ይምታታብኝ ጀመር። ዘሀራ ከቦንዳው ውስጥ ረጅም አበባማ ሻርፕ መዝዛ አንዱን ጫፍ ወረወረችልኝ።

"'ያዝ' ስል ትይዛለህ፣ 'ልቀቅ' ስል ትለቃለህ። ጆሮህ ቢተኛ እጅህ ይሰማል።"

በሌላው ጫፍ እሷ ናት። አባቷ ፊት ከዚያ የቀረበ ነገር አይፈቀድም፤ እኔም ከዚያ የበለጠ አልጠየቅኩም። ያዝ፣ ላክ፣ ጠብቅ፣ ልቀቅ። እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። መቼም ጉዳዩ ሳይንስ ነው። ግን ልቤ የሚመታው በቆርቆሮው ላይ በረዶ እንደሚወርድ ነበር፤ ቁሓ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መልስ ከሰሌዳዋ ስለሚጠበቅበት ክፍል እያነበበች ነበር። "ያዝ። ጥያቄውን ላክ። ጠብቅ። መልስ ካልመጣ፣ አልመጣም ብለህ ተመለስ።" ከዚያ ገጹን ገለጠች። ልትቀጥል ሻርፑን ብትስበው አልመጣላትም።

"ሐጎስ፣ ልቀቀው እንጂ።"

"አላልሽኝም።"

"እንዴ፣ ብያለሁ።"

"ሓቀይ እየ፣ እውነቴን ነው፤ 'ተመለስ' አልሽኝ እንጂ 'ልቀቅ' አላልሽኝም።"

ገጹን መለሰች። በጣቷ ከመስመር መስመር ወረደች፣ እንደገና ወጣች፣ እንደገና ወረደች። አቦይ ይማም ብሩሹን አቁመው ሁለታችንን ያዩናል። እኔ ሻርፑን እንደያዝኩ ነኝ።

"የለም" አለች በቀስታ። "መልስ ሲመጣ ይለቃል። መልስ ካልመጣ ግን... ቁልፉን እንደያዘ ነው የሚሄደው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለዘላለም። ውይ በሞትኩት፣ ለዚህ ነው የሚደርቀው!"

ሱቁ ውስጥ ብቻ የሚሆንበት ምክንያትም ያን ጊዜ ገባን። ካምፓስ ውስጥ ጄኔሬተር አለ። ሱቁ ውስጥ ግን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በዚያች ባትሪው ጥቂትም ቢሆን ይቆያል፤ ኃይሏን ከግድግዳው የምታገኘው ሰሌዳ ግን ጥያቄ ተልኮላት መልስ ሳትሰጥ ትሞታለች። ይህን ስህተት መብራት በማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ቢጠቀም አያገኘውም።

ዘሀራ የጎደለችውን መስመር ጨመረች። ከዚያ መሞከር መጣ፤ ይኸውና የሁለት ምሁራን ጥበብ። መብራት እንዲጠፋ ቁጭ ብለን ጠበቅን። በዓመት ውስጥ መቀሌ ላይ መብራት አልጠፋም ያለበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። እሷ ዱዓ አደረገች፣ እኔ በእመቤታችን ለመንኩ፤ መብራቱ እንደ ፀሐይ በርቶ ዋለ። በማግስቱም ጠበቅን። በመካከሉ ዘሀራ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተነሥታ ሄደችና የሰሌዳዋን ሶኬት ነቀለችው። ቦንዳው ላይ ተንከባልላ እስክትወድቅ ሳቀች። ኮምፒውተሩ አልደረቀም።

በማቅረቢያው ቀን ፈታኞቹ ሰሌዳዋን ሰኩ፣ ነቀሉ፣ መሀል ላይ ኃይሏን ቆረጡ። ምንም አልሆነም። ከመካከላቸው አንዱ "ይህን ክፍተት እንዴት አገኘሽው?" ሲላት ዘሀራ በክፍሉ ሁሉ ፊት ወደ እኔ አመለከተችና፣ "እሱ ሰማልኝ" አለች። ከሰዓት በኋላ ስሟ ተለጠፈ፤ ቀረች። አቦይ ይማም ዜናውን ሲሰሙ ኮቱን እንደያዙ ቦንዳው ላይ ተቀመጡና፣ "አብሽሪ ልጄ፣ እንግዲህ እዚሁ ነን" አሉ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ የኮቱን አንድ ቁልፍ ብቻ ቦረሹ።

ማምሻውን ሦስታችን በእግራችን ወረድን። የዓመቱ የመጀመሪያ በለስ መጥቶ ነበር። ሻጯ እየላጠች ስትሰጠን እኔ ጀግና ልሁን ብዬ ያልተላጠውን ያዝኩ፤ ጣቴ በእሾህ ተሞላ። ዘሀራ ከሒጃቧ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ አቀበለችኝ። "ራስህ አውጣው" አለችኝ፤ ግን የመጨረሻው እሾህ እስኪወጣ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ለወጣቶቹ እስከዚህ ነገርኳቸው። እሷ ዛሬም እዚሁ ታስተምራለች፤ አግብታ ወልዳለች፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ከባልዋ ጋር ቆመን እንሳሳቃለን። በመካከላችሁ ነገር ነበር ወይ የሚል ካለ፣ ነበር። ስም ግን አላወጣንለትም። የሰው ሥራ መመርመር ለእኔ ስህተት ማደን ይመስለኝ ነበር። አሁን ስገምተው፣ ሰውየው የሠራውን ጮክ ብሎ አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ አለመነሣት ነው። በዕድሜዬ ለሰው የሰጠሁት ከዚያ የተሻለ ነገር ትዝ አይለኝም።

መብራት መጣ፤ የማኪያቶው ማሽን ጮኸ። ልጆቹ ሊሄዱ ሲነሡ አንደኛው፣ "ታዲያ የእርስዎ ፕሮጀክት ምን ነበር፣ ኣያ?" አለኝ።

"ትልቅ ነገር" አልኩት።

ትልቅ ነገር አልነበረም። ስገፋው አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ የምታደርግ ሳጥን ነበረች፤ ሰኔን በሙሉ ሱቅ ስውል ሳልጨርሳት ቀረሁ፣ በፈታኞቹ ፊትም ብልጭ አላለችም። ያን ዓመት አልተመረቅኩም። ለሰው ሁሉ ታይፎይድ ይዞኝ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ አልያዘኝም። ዓመቱን ስደግም ሥራዬን እንድትከታተልና ውጤት እንድትሰጠኝ የተመደበችው አዲሷ ረዳት መምህርት ዘሀራ ነበረች። ክፍል ውስጥ "መምህርት" እና "እርስዎ" እያልኩ ነው የጠራኋት። ኮዴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝና ሲ ሰጠችኝ። እሱም በዝቶብኝ ነበር።