መድኃኒቱ የተረጨ ዕለት

የወሰዱኝ ከቤቴ ደጃፍ ነው፤ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የወንድሜ ልጅ የት እንዳለ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ነጠላዬን እንድደርብ ፈቀዱልኝና መኪና ላይ አወጡኝ።

ያስገቡን ከመቐለ ዳርቻ፣ በዓይናለም በኩል ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ብረት ነው። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር ያለ ጠባብ ቀዳዳ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው ቢባልም ሲሚንቶው አይታይም፤ የዱቄት ብናኝና የአይጥ ኩስ ከሰው ላብ ጋር ተላቁጦ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ ነበር። ስለ ባልዲው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከአጠገቤ የምትተኛው የወሎ ሴት ነበረች፤ መቐለ ላይ ጨርቅ ስትነግድ ብዙ ዘመን የኖረች ሙስሊም። ለማይሆን ሰው ጨርቅ ሸጠሻል ተብላ ነው የታሰረችው። “አደይ፣ የእኔ ወንጀል በሜትር የሚለካ ነው” ትለኝ ነበር። በትግርኛ “እናቴ” ማለት ነው፤ ከከተማችን ሰው የወሰደችው አጠራር ነው፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አስም ነበረባት። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ሲፈትሿት ወስደውባታል።

አንድ ጠዋት የቦታው ኃላፊ በሩ ላይ ቆመና ከሰዓት በኋላ የእስረኛ አያያዝ የሚያዩ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ቤቱም እንደሚጸዳ ነገረን። ሴቶቹ ደስ አላቸው። በዕድሜ ስለምበልጥ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

“ውሃና መጥረጊያ ስጡን። እኛው እናጥበዋለን” አልኩት።

“ውሃ የለም። ደግሞ መድኃኒት ስለሚረጭበት መታጠብ አያስፈልገውም።”

የከተማው ውሃ የሚሳበው ከዚያው አካባቢ ጉድጓዶች ነው። ይህን እሱም ያውቃል።

ቆይቶ አንድ ጠባቂ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ገበሬ ለተባይ የሚያዝለውን ዓይነት መርጫ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ በረኪና ጨመረበት። ቀጥሎ ሽንት ቤት የሚታጠብበትን አሲድ አነሳ።

“ሁለቱን አትቀላቅላቸው” አልኩት። “እኔ ቤቴ አንድ ጊዜ ቀላቅዬ ደረቴ ተቃጥሎ ነበር።”

“እማማ፣ አንዱ ብቻውን ደካማ ነው። ሁለት ሲሆኑ ይጠነክራሉ። አፍንጫ ካልሰነፈጠ ምኑን ጸዳ?”

ጨመረው። ወዲያው አስነጠሰው፤ ፊቱን በሻሹ ሸፈነና “አያችሁ ጉልበቱን?” አለ። ኩራት ነበረበት።

“እኛስ የት እንሁን?”

“ግቢው ውስጥ ሰው እንዳይታይ ታዟል። ደግሞ ለእናንተም ጥሩ ነው፤ መድኃኒት ነው።”

የወሎዋ ሴት ከተኛችበት ቀና አለች። “ወንድሜ፣ የአይጥ መድኃኒትም እኮ መድኃኒት ነው” አለችው።

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቅርፊቱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ብርድ ልብሶቻችን ላይ ችኩል ችኩል እያለ ረጨና ወጥቶ በሩን ከውጭ ቀረቀረው። ታፍኖ ካልቆየ ተባዩ አይሞትም ይላል።

መጀመሪያ ዐይን ነው ያቃጠለን። ከዚያ ጉሮሮ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በሩን በጡጫ መታሁ።

“ክፈት። አስም ያለባት ሴት አለች።”

“አስም ካለባትማ በደንብ ትማገው” አለኝ ከውጭ፤ በእርጋታ ነው። “ደረት ይከፍታል። እናቴ ባሕር ዛፍ ታጥና ነው የዳነችው።”

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው አዝኜለት አይደለም። ክፉ ሰው ሲደክመው ይተዋል፤ ያከመ የመሰለው ሰው ግን አይተውም።

የወሎዋ ሴት ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ሁለት ሴቶች ቀዳዳው ሥር አጎነበሱ፤ ሌሎቻችን አንስተን ጀርባቸው ላይ አቆምናትና ፊቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋን። ያጎነበሱት እያሳሉ ነበር፤ አልተነቃነቁም። በዚያ ሁኔታ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

በሩን የከፈተው ኃላፊው ነው፤ ሥራውን ሊያይ መጥቶ። ገባ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ “ጥሩ ነው፣ ይሸታል” አለ። ከዚያ እሷን አያት። እንግዶቹ ሳሏን እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ ሁለት ሰዎች ይዘዋት እንዲወጡ አዘዘ።

“ወዴት ነው?” አልኩ።

“ከማእድ ቤቱ ጀርባ ትናፈስ። አንቺ ስትጠየቂ አፍሽን አሳምሪ። ካላሳመርሽ እዚያው ትከርማለች።”

እንግዶቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ወደ እኔ ቀረበች። ጨዋ ሴት ነበረች። ከሸፈነችበት ጨርቅ ውስጥ ሳይቀር ሸቷት “በረኪናው ይሸታል፤ በደንብ ጸድቷል ማለት ነው። እናቴ፣ ንጽሕናው ይስማማችኋል?” አለችኝ።

ኃላፊው ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። ዝም ብል የወሎዋ ሴት የምትመለስ አልመሰለኝም። ብናገርም ማን ያውቃል።

“አልታጠበም” አልኩ። “ወለሉን በጫማዎ ይፋቁት።”

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና በጫማዋ ጫፍ ፋቀችው። ቅርፊቱ ተነሳ። ከሥሩ ያለው እርጥብ ነበር፤ የሚንቀሳቀስም ነገር ነበረበት። እግሯን ሰበሰበች።

“እዚህ የምትተኛ አንዲት ሴት አለች” ብዬ ቀጠልኩ። “ከማእድ ቤቱ ጀርባ ናት። መተንፈስ አቅቷታል።” ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጠራሁ። እዚያ ቤት የሙሉ ስም ሲጠራ የሚሰማው ምርመራ ላይ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ተቀብለውኝ እነሱም ጠሩት፤ ማንም አላዘዛቸውም።

“በሽተኛ ናት፤ እያከምናት ነው” አለ ኃላፊው።

“እንያታ” አለች ሴትዮዋ። ወጡ።

የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኔን ለብቻዬ ሌላ ክፍል አስገቡኝ። ያ ክፍል ምንም ያልተረጨበት ስለነበር እውነቱን ለመናገር አየሩ ይሻል ነበር።

ከተፈታሁ ወዲህ ስለ ዕለቱ ለብዙ ሰው አላወራሁም። ባወራም ሰዎች ስለ ድብደባ ሲጠብቁ እኔ ስለ ጽዳት ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። ዛሬም ቢሮም ሆነ ክሊኒክ ስገባ በረኪናው ሲሰነፍጥ አጠገቤ ያለው ሰው “እንዴት ጸድቷል” ይላል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

እሷ በሕይወት አለች። ሱቋን መልሳ ከፍታለች። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋ ውስጥ የተቃጠለው እንደማይመለስ ነግረዋታል፤ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ዋጋ ስትናገር ገዢዎች አንገታቸውን ደፍተው ይጠጓታል፤ ለእነሱ ብቻ በምስጢር የቀነሰችላቸው ይመስላቸዋል። በቀደም ሻሽ ልገዛ ሄጄ አንዲቱ እንዲህ ስትጠጋት አየሁ። ገዢዋ ስትሄድ እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “አደይ፣ ለንግድ ጥሩ ነው” አለችኝ። ትከሻዋ ሲነቃነቅ ስላየሁ ሳቀች አልኩ።